የእማማ ደብሬ አውራ ጣት

ሰው ፊት አፌን መክፈት የሚከብደኝ ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ግን መምህር «ተነሺና አንብቢ» ሲለኝ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋብኝ ስለነበር ስቀር ብዙም ቅር አላለኝም። በዘንገና በኩል ያለ የገበሬ ቤት ልጅ ነኝ። እንጅባራ የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በዓመቱ ጋሼ ፈንታሁን ከሚባሉ ጠበቃ ቢሮ ተቀጠርኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ በዚያ ቢሮ ውስጥ ስላለፈች አንዲት ቀትር ነው። ከዚያች ቀትር በፊት ዝምታ ማንንም የማይጎዳ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ፈንታሁን የነፍስ ግድያና የከብት ስርቆት ክስ አይዙም። የቢሮ ሰው ጠበቃ ናቸው። ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጀ የተባለ፣ ማኅተም ያለቦታው መታ የተባለ፣ በሥልጣኑ ያለአግባብ ተጠቀመ የተባለ ሁሉ ከዳንግላም ከግምጃ ቤት ከተማም እየመጣ በራቸውን ያንኳኳል። ክራቫት ያሰረ ሰው ሲያለቅስ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ጋሼ ቀድሞ ለብዙ ዓመታት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። መንግሥት እንዴት እንደሚከስ ስለሚያውቁ ክሱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅም ያውቃሉ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ስታመም ራሳቸው ወስደው አሳክመውኛል። ለደንበኛም ለምስክርም የሚሰጡት ምክር ግን አንድ ነበር። «የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ» ይላሉ፤ «ያልተጠየቅኸውን ለኔ ተውልኝ።» ሰው ነገር ሲያረዝምባቸው ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፤ መዳፋቸው ወደ ተናጋሪው ይዞራል። ያን እጅ አይቶ ያላቆመ ሰው አላየሁም።

የኔ ሥራ ቢሮ መጥረግ፣ መዝገብ ፎቶ ኮፒ ማስነሳት፣ ሻይ ማፍላት ነው። አዊኛ ስለምችል፣ እሳቸው ደግሞ የደብረ ማርቆስ ሰው ስለሆኑ፣ ገበሬ ሲመጣ አስተረጉማለሁ። ፊደል የማይቆጥሩ ሰዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ሲያሳርፉ፣ ጣታቸውን በሶፍት የምጠርግላቸውም እኔ ነኝ። እማኝ ሲጎድል ደግሞ «ነይ እዚህ ጋ ፈርሚ» ይሉኛል። እፈርማለሁ። አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ላንብበው ማለት ጋሼን አላምንም ማለት ይመስለኝ ነበር።

እንዳላማው የሚባል የመሬት ባለሙያ ነበር። የሚሠራበትን ወረዳ ስም ልተወው። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ይዞ መጣ። እማማ ደብሬ ይባላሉ። አስፋልት ዳር ማሳ አላቸው፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ አጥሩ ድረስ ደርሷል። ይህ ማሳ በመዝገብ ላይ ወደ እንዳላማው የሚስት ወንድም ስም ዞሮ ተገኘ፤ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ። እንዳላማው አሮጊቷን ያመጣቸው ክስ ሳይመጣ በፊት «በፈቃዴ ሰጥቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙለት ነው።

በአዊኛ «ይቀመጡ እማማ» ስላቸው ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አያቴን ያውቁት ኖሯል።

«ጠይቂልኝ» አሉ ጋሼ። «በመዝገቡ ላይ ያለው አሻራ የራሳቸው ነው? ጣታቸውን ያሳረፉት ራሳቸው ናቸው?»

ጠየቅኋቸው። እማማ ደብሬ ረጅም መልስ መለሱ። አዎ፣ ጣቱ የኔ ነው አሉ። ግን ይህ ሰው ቤቴ መጥቶ የማዳበሪያ ምዝገባ ነው ብሎኝ ነው ያሳረፍኩት አሉ። ሌላም ተናገሩ፤ እሱን ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

«አዎ፣ ጣቱ የኔ ነው ይላሉ» አልኩ። «ደግሞ…»

የጋሼ እጅ ከፍ አለ።

እንዳላማው ሳቀ። አዊኛ አፉን የፈታበት ነው፤ ቃል ሳያመልጠው ሁሉንም ሰምቷል። «አሮጊት ናት ጋሼ፤ ወሬ ከጀመረች ማብቂያ የላትም» አለና ወደ እኔ አየ። ሲያየኝ ቆየ። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። እማማ ደብሬ ከማሳረፋቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ያሉትን ነው የሚለው» አልኳቸው። አላነበብኩትም ነበር።

አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀለሙን ጠረግሁላቸው። እኔም ከሥር አስተርጓሚና እማኝ ሆኜ ፈረምኩ። ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ።

ከሦስት ወር በኋላ እማማ ደብሬ ሞቱ። ታላቁ ልጃቸው ሞላ ለቀን ሥራ መተከል ሄዶ ነበርና ለቀብር ተመልሶ ሲመጣ ማሳቸው ላይ የቤት መሠረት ተቆፍሮ አገኘ። አቤት አለ፤ እንዳላማው ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀትና ሥልጣኑን ያለአግባብ በመጠቀም ተከሰሰ። ጠበቃው ጋሼ ሆኑ። ሟች ቀርበው ስለማይጠየቁ ወረቀታቸው ቀረበ። ስለ ወረቀቱ እንድመሰክር ደግሞ እኔ ተጠራሁ።

ችሎት ፊት ስቆም ወለሉን እንጂ ሰው አላየሁም። ጋሼ በተለመደው ረጋ ያለ ድምፃቸው ጠየቁኝ።

«ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ሟች ጣታቸውን ያሳረፉት ራሳቸው ናቸው?»

«አዎ።»

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነበር፤ «ያስገደዳቸው ሰው ነበር?» አለኝ።

«አልነበረም።»

ማዳበሪያ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። የጠየቀኝ የለም። ዳኞቹ መዝገቡን ለፍርድ ቀጠሩት። ስወጣ ሞላ በሩ ጋ ቆሟል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አጥንቱ የገጠጠ ሰው ነው። በአዊኛ «የኛው ልጅ ነሽ» አለኝ።

ቢሮ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ያካፋ ነበር። ጋሼ ካባቸውን ሰቀሉና «ጎበዝ፤ ምስክር እንዲህ ነው» አሉኝ። ምሳቸውን ላሙቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳው ከቢሮው የሚለየው በመጋረጃ ብቻ ነው። ምሳውን እንደያዝኩ የቢሮው በር ሲከፈት፣ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገፋ ሰማሁ።

መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ሞላና ታናሽ ወንድሙ ደርብ ናቸው። ደርብ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ወፍራም ዱላ ይዟል። ሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

«ቀጠሮ አላችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ነበረን። ጠዋት ተጨረሰ» አለ ሞላ።

«ቅሬታ ካላችሁ በዐቃቤ ሕግ በኩል…»

ደርብ ጠረጴዛውን በዱላ መታው። የሻይ ብርጭቆው ዘለለና ወድቆ ተሰበረ። ጋሼ ሊነሱ ሲሉ ሁለተኛው ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ከወንበሩ ጋር ተያይዘው ወደቁ። መነጽራቸው እኔ እግር ሥር ድረስ ተንሸራቶ መጣ። ደርብ ጎናቸውን ረገጣቸው፣ ደገመ፣ ሠለሰ። እያንዳንዱ እርግጫ ሲያርፍ ከጋሼ አፍ አየር ብቻ ይወጣል።

«ምነው ጠበቃ?» አለ ሞላ። ድምፁ ጎረቤት የሚያናግር ሰው ድምፅ ነበር። «ጠዋት እንዲያ ሲያሳምር የነበረው አንደበትህ የት ገባ? እስቲ ለኛም ተናገርልን።»

«ልጆች አሉኝ» አሉ ጋሼ።

«እናቴም ነበሯት። ይኸው ሁለታችን።»

ሞላ ከረጢቱን ፈታ። ውስጡ ያለው ቀርከሃ የሚቆረጥበት አጭር መጥረቢያ ነው። ስለቱ ገና የተሳለ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ምሳውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሳህኑን መሬት ማስቀመጥ እንኳ አልመጣልኝም።

«አንሣውና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርገው» አለ ሞላ።

ደርብ ዞሮ አየው። «ሞላ፣ ልንደበድበው ነው እኮ ያልከኝ።»

«እጁን አምጣ አልኩህ። አውራ ጣቱን ነው የምፈልገው። የእናቴን አውራ ጣት ወስዶ ፋይል ውስጥ አስገብቷል። እኔም የሱን እወስዳለሁ። ከዚያ እኩል ነን።»

ጋሼን አንሥተው ደረታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፏቸው። ደርብ ክንዳቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ሰው ሁሉ አይቶ ዝም የሚልለት እጅ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ የቀለሙ ሳጥን አጠገብ ተዘረጋ። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሞላ ቀጫጭን ቀርከሃ እንደሚለካ ሰው መጥረቢያውን አንድ ጊዜ በቀስታ አስነካ፤ ከዚያ አነሣው።

ጋሼ በመጨረሻዋ ሰዓት ክንዳቸውን ጠመዘዙት።

ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። እርጥብ ቀርከሃ ሲቆረጥ እንደሚሰማው ነው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣትና የመሀሉ ጣት ከእጁ ተለይተው እንደተኙ አየሁ። ደሙ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን መዝገቡን፣ ጠረጴዛውን፣ የደርብን ሸሚዝ አለበሰው። ጋሼ ጮኹ። ያን የመሰለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

«ሳተ» አለ ሞላ። «አውራ ጣቱ እንዳለ ነው። ደህና አድርገህ ያዘው።»

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። አፌ ሲከፈት ተሰማኝ።

«በሕግ አምላክ» አልኩ።

አገራችን ላይ ይህ ቃል ሲጠራ ሰካራም እንኳ እጁን ይሰበስባል። አባቴ ሲናገረው ሁለት ሰዎች ጦር መሬት ሲያስቀምጡ በልጅነቴ አይቻለሁ። ደርብም የጋሼን ክንድ ለቀቀ፤ ሳያስበው ነው የለቀቀው። ሞላ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«የየትኛው ሕግ አምላክ? የጠዋቱ?» አለኝ። «ደግሞ አንቺ አፍ ያወጣሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ጠዋት አልነበረሽም።»

መጥረቢያውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ከጫፉ ደም ይንጠባጠባል። ከጀርባዬ ግድግዳ ነው። ብሸሽ በሩ ተቀርቅሯል፤ ዝም ብል ተመልሶ የጀመረውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ደግሞ ጣት ላይ እንደማያቆም ከዓይኑ ይታየኛል። ስለዚህ በአዊኛ ተናገርኩ።

«የኔን ቁረጥ» አልኩት። «ጋሼ አዊኛ አይሰሙም። እናትህ የተናገሩትን የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ግማሹን ያስቀረሁት።»

ቆመ። «ምን አለች?»

ነገርኩት። እዚያ ሳልሆን፣ እማማ ደብሬ እጄን ይዘው ሲያወሩ ያለሁ መሰለኝ፤ አነጋገራቸውን እንኳ አልለወጥኩም። «ጣቱ የኔ ነው። ግን የማዳበሪያ ምዝገባ ነው ብሎኝ ነው ያሳረፍኩት። መሬት ከሆነማ እኔ ምን መብት አለኝ? መሬቱ የሞላ ነው። አባቱ ሲሞት ገና በልጅነቱ ሞፈር የጨበጠው እሱ ነው። ሞላ ሳይመጣ አንድ ስንዝር አልሰጥም። ሲመጣ እሱን ጠይቁት፤ ያን ቀንም ምሳ እኔ ቤት ትበላላችሁ» አልኩት።

ጋሼ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው የተቆረጠ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀዋል።

«ድገሚው» አለ ሞላ።

ደገምኩት። «ሞላ ሳይመጣ» የሚለው ጋ ስደርስ መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ሄዶ ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ እናቱ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያው ወንበር መሆኑን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

«ሰጠች መስሎኝ ነበር» አለ። «ሬሳዋ ላይ ሳለቅስ እንኳ በሆዴ ተቀይሜያት ነበር።»

በሩ ከውጭ ይደበደብ ጀመር። ከጎናችን የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሰይድ ናቸው። ደርብ እያለቀሰ መቀርቀሪያውን ከፈተላቸው። ጋሼ ሰይድ ገብተው አዩ፤ ወዲያው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ያልተቆረጠ ነጭ አቡጀዲ ጣቃውን እንዳለ ይዘው መጡ፤ በጥርሳቸው ቀደው የጋሼን እጅ ጠቀለሉት። «ባጃጅ ጥሪ» አሉኝ። ስወጣ እግሬ ባዶ እንደነበር ያወቅሁት ሆስፒታል ስደርስ ነው።

ሞላ አልሸሸም። «ፖሊስ እስኪመጣ እዚሁ እቆያለሁ» ብሎ ጠበቃቸው፤ ወንድሙም አጠገቡ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼን ሆስፒታል ልጠይቅ ሄድኩ። ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። ሦስቱን ጣቶች መመለስ አልተቻለም። ሲያዩኝ ሌሎች ጠያቂዎች እንዲወጡ አደረጉ።

«ለሰውዬው የነገርሽውን ለኔም ንገሪኝ» አሉኝ። «ሁሉንም።»

ነገርኳቸው። በአማርኛ ሲሆን አጠረ፤ ቢሆንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። በፋሻ የተጠቀለለው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ አልተነሣም።

«ያን ቀን ልትጨምሪ ስትይ አየሁሽ» አሉ። «‹ደግሞ› ስትይ ሰምቻለሁ። ብሰማው ወረቀቱን መጻፍ እንደማልችል ስላወቅሁ ነው ያስቆምኩሽ።»

«ፍርዱ ገና አልተሰጠም ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ የእንዳላማው ጠበቃ ነኝ። ሂጂና ተናገሪ ልልሽ አልችልም።» ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አትሂጂ ግን አላልኩሽም።»

ከሆስፒታሉ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሄድኩ። ደጁ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ገባሁ። ከሳምንት በኋላ ችሎቱ እንደገና አስጠራኝ። ጋሼ ጉዳዩን ለቀው ሌላ ጠበቃ ተተክቷል። እንዳላማው አሮጊቷን ባመጣበት ቀን እንዳየኝ አድርጎ ያየኝ ጀመር። ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሽም። ወለሉን እያየሁ የእማማ ደብሬን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገርኩ።

ሰብሳቢው ዳኛ «ባለፈው ስትመሰክሪ ይህን ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ።

ጋሼ ያስተማሩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። አልተጠየቅኩም ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

እንዳላማው ተፈረደበት። ማሳው ተመለሰ፤ አሁን የሚያርሰው ደርብ ነው። እሱ ዕድሜውም ታይቶለት ቶሎ ከእስር ወጥቷል። ሞላ ግን ብዙ ዓመት ተፈርዶበታል። ጋሼ ይቅር ብለውት እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «አላልኩትም» አሉኝ፤ በግራ እጃቸው ጽሑፍ እየተለማመዱ ነበር። ዛሬም የቢሮ ሰዎች ጠበቃ ናቸው። እኔ ግን ሥራውን ተውኩት፤ እሳቸውም ቆዪ አላሉኝም።

አሁን ጋሼ ሰይድ ሱቅ ነው የምሠራው። ጨርቅ ሊገዙ የሚመጡ የገጠር ሴቶች አንዳንዴ ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «እስቲ ይቺን እይልኝ» ይሉኛል። ንባቤ ቀርፋፋ ነው። ገዢ ቢቆምም ባይቆምም ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ፤ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። እናንተም ስማችሁን ከሰው ወረቀት ሥር የምታኖሩ፣ ሰው ሲናገር በሌላ ቋንቋ የምታሻግሩ ካላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ ያስቀረሁት ጥቂት ቃል ነው። አንድ ሰው ጣቶቹን አጥቷል፤ ሌላው ደግሞ ዕድሜውን።

በወር አንድ እሑድ ማረሚያ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስሄድ ሞላ ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደበኝም። ብዙም አናወራም። በሽቦው በኩል ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፣ ማሳው ላይ ምን እንደተዘራ ይጠይቀኛል። የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እስቲ ንገሪኝ» ይላል።

እነግረዋለሁ። በእናቱ ቋንቋ፣ በእናቱ አነጋገር፣ እስከ ምሳው ድረስ።